ዋጋው ይመዘገባል፤ መጠኑስ?

«የዋጋ ግሽበት ወረደ» የሚል ዜና በተነገረ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የድሮ ባልደረባ፣ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «የት ነው የወረደው? ጤፉ ወረደ? ዘይቱ ወረደ?» እኔን የሚጠይቁኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በሚባለው፣ ያኔ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ እንለው በነበረው መሥሪያ ቤት በመረጃ ሰብሳቢነት ተቀጥሬ፣ ደብተርና ሚዛን ይዤ የአዲስ አበባን ገበያዎች ስዞር ኖሬያለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ያ ቁጥር ከየት ተነሥቶ ዜና እንደሚሆን ግን በእግሬ ሄጄ አውቀዋለሁ። ሰው ሲቆጣበት ይገባኛል። «ፈጠራ ነው» ሲባል ደግሞ ያንገበግበኛል። ቁጥሩ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ እኛ የምንጠይቀው ሌላ።

ግሽበት የሚለካው ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ አይደለም፤ ካለፈው ዓመት ምን ያህል እንደጨመረ ነው። በ100 ብር ይገዛ የነበረ አስቤዛ በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ብር ይገባል። በሁለተኛው ዓመት ግሽበቱ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ አስቤዛው 156 ብር ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት ወደ 13 በመቶ ቢወርድ 176 ብር ከ28 ሳንቲም። ግሽበቱ ከ30 ወደ 13 ወርዷል፤ ዜናው እውነቱን ነው። አስቤዛው በሦስት ዓመት 76 በመቶ ተወዷል፤ ቤተሰቡም እውነቱን ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ደሞዙ ሳይነካ የቆየ ሰው ግሽበት ወረደ ብሎ የሚደሰትበት ምክንያት የለውም። ዋጋው ወደ ነበረበት እንዲመለስ ግሽበቱ ከዜሮ በታች መውረድ አለበት፤ ያ ደግሞ እምብዛም አይታይም።

የእኛም አገር ቁጥር መንገዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው ግሽበት ከ35 በመቶ አልፎ ነበር። በሐምሌ 2016 ወደ 19 በመቶ ተጠጋ፤ በሰኔ 2017 ደግሞ 14 በመቶ ገደማ ሆነ። ዕድሜው የፈቀደለት ሐምሌ 2000ን ያስታውሳል፤ ያኔ ከ60 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ከ2014 እስከ 2017 ቁጥሩ ከግማሽ በታች ሲወርድ ጠቅላላ ዋጋው ግን አንድም ዓመት ወደ ኋላ አልተመለሰም። ስልክ የሚደውሉልኝ ሰዎች ይህንን ኪሳቸው ነግሯቸዋል።

ቁጥሩ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። በየወሩ የመጀመሪያ ሳምንታት በአገሪቱ ከመቶ በላይ በሆኑ ገበያዎች መረጃ ሰብሳቢዎች ይሰማራሉ። ቅጹ ላይ የዕቃው ዓይነት በጥንቃቄ ተዘርዝሯል። «ጤፍ» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ነጭ ነው፣ ሰርገኛ ነው፣ ቀይ ነው? ባለፈው ወር ነጭ ጤፍ ጽፌ በዚህ ወር ሰርገኛ ብጽፍ ጤፍ የረከሰ ይመስላል፤ የተለወጠው ግን እህሉ ነው። ስለዚህ እህል በረንዳ ገብቼ ያንኑ ዓይነት፣ የሚቻል ከሆነም ያንኑ ሻጭ እፈልጋለሁ። አንድ ሻጭ ብቻም አይበቃም፤ ከሌሎችም ጠይቄ አማካዩ ይወሰዳል።

ብዙው ዕቃ ደግሞ በኪሎ አይሸጥም። ቲማቲም በመደብ፣ ጎመን በእስር፣ ቡና በሲኒ፣ በርበሬ በጣሳ ነው። ሚዛኑ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጉልት ላይ ተቀምጠው ከሚሸጡ እናቶች ዘንድ ሄጄ መደቡን እመዝናለሁ፤ እስሩን እመዝናለሁ። ሻጮቹ መጀመሪያ ላይ የግብር ሰው እመስላቸው ነበር። «እትዬ፣ ለግብር አይደለም፤ ስምዎንም አልጽፍም» እያልኩ፣ አንዳንዴም መደቡን ራሴ እየገዛሁ ተላመድን። መደብ ዋጋው ሳይነካ ሊወደድ ይችላል፦ በፊት ሰባት ቲማቲም የነበረው አምስት ይሆናል። ሻጩ ላይ አልፈርድም፤ ደንበኛው የለመደውን ዋጋ ላለመንካት የሚደረግ ነገር ነው። ሚዛን ያልያዘ መረጃ ሰብሳቢ ግን «ዋጋ አልተለወጠም» ብሎ ጽፎ ይመለሳል።

ዳቦ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይፈልጋል። ዳቦ ቤት ገብቼ ጥቂት ዳቦዎች አንሥቼ እመዝንና አማካዩን እይዛለሁ። አንድ ዳቦ 5 ብር ሆኖ 100 ግራም ይመዝን ነበር እንበል። ዋጋው እዚያው 5 ብር ላይ ቆሞ ክብደቱ ወደ 80 ግራም ቢወርድ፣ የዳቦው እውነተኛ ዋጋ 25 በመቶ ጨምሯል። ልጇን ለትምህርት ቤት ዳቦ የምትቋጥርለት እናት ይህን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልጋትም፤ አንድ ይበቃው የነበረው ልጅ ሁለት ሲጠይቅ ይገባታል።

ከሁሉ የከበደኝ ዕቃ የጠፋበት ጊዜ ነበር። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በብዙ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ወዲያው ስኳርና ዘይት ከመደርደሪያ ተሰወሩ። የዋጋ ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ዕቃው የለም። የሙያው ደንብ ሰው ከፍሎ ዕቃውን የወሰደበትን ዋጋ ጻፍ ይላል እንጂ የተለጠፈውን ጻፍ አይልም። ነገር ግን ከጓሮ በሹክሹክታ የተሸጠን ዘይት ዋጋ ለማይታወቅ ሰው ማን ይናገራል? ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የዋጋ ቁጥር ሳነብ «በዚህ ዋጋ ዕቃው ይገኛል ወይ?» ብዬ መጠየቅ አልተውኩም። ዋጋው ዝቅ ብሎ ወረፋው ከረዘመ፣ ወረፋ ላይ የጠፋው ቀንም የዋጋው አካል ነው፤ በብር ስለማይጻፍ ብቻ ግሽበት በሚሰላበት የዋጋ መለኪያ (ኢንዴክስ) ውስጥ አይገባም።

ዋጋው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ወደ ቢሮ ሄዶ አንድ ላይ ይቀላቀላል። ሲቀላቀል ግን እኩል አይደለም። ጨውና ጤፍ እኩል አይመዝኑም፤ ቤተሰብ ከወጪው ምን ያህሉን በምን ላይ እንደሚያውል በሚያሳይ ጥናት መሠረት ለእያንዳንዱ ዕቃ ክብደት ይሰጠዋል። ይህ የቤተሰብ የፍጆታና ወጪ ጥናት በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተካሂዷል። ጥናቱ ቤት ለቤት የሚሠራ አድካሚ ሥራ ነው፤ ምን ተገዛ፣ ምን ተበላ ተብሎ ይመዘገባል። ገበሬው አምርቶ የበላው እህል ሳይቀር በገበያ ዋጋ ተተምኖ ከፍጆታው ይቆጠራል። እኔ እሠራበት በነበረው ኢንዴክስ የታኅሣሥ 2009 ዋጋ 100 ተብሎ ተይዞ የቀጣዮቹ ወራት ዋጋ ከዚያ አንጻር ይሰላ ነበር። ምግብ ከጠቅላላው ክብደት ከግማሽ በላይ ነበረው።

ከግማሽ በላይ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ወደ አሜሪካ እንሻገር። እዚያ በሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ውስጥ ምግብ ያለው ድርሻ አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው፤ ትልቁን የሚይዘው መኖሪያ ቤት ሲሆን ወደ አንድ ሦስተኛ ይደርሳል። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል በ1857 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ይህንኑ ነው፦ ቤተሰብ ገቢው ባነሰ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ ይበዛል። በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ግሽበት 9.1 በመቶ ሲደርስ ከ40 ዓመት ወዲህ ከፍተኛው ነበር፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቻችን የቤንዚንና የእንቁላል ዋጋ እየጠሩ ሲያማርሩ ሰምተናል። በዚያው ወር እኛ ዘንድ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የተወደደው ደግሞ በዋናነት ምግብ ነው። መኪና መንዳት መቀነስ ይቻላል፤ ለአንድ ወቅት አዲስ ልብስ መተው ይቻላል። ምግብ እስከ ምን ድረስ ይቀነሳል?

ክብደቱ ራሱ ሲለወጥ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚዘል ናይጄሪያ አሳይታናለች። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ግሽበቷ 34.8 በመቶ ነበር። በቀጣዩ ወር የመነሻ ዓመቱንና የዕቃዎቹን ክብደት አድሳ አዲሱን ስሌት ስታወጣ 24.5 በመቶ ገደማ ሆነ። የምግብ ድርሻ ከግማሽ በላይ ከነበረበት ወደ 40 በመቶ ወርዶ ነበር። ሥራው ትክክለኛ የስታቲስቲክስ ሥራ ነው፤ ያረጀ ክብደት መታደስ አለበት። ሆኖም በአንድ ወር ውስጥ በሌጎስ ሰው ጓዳ የገባ አዲስ ነገር የለም። ስለዚህ ቁጥር ድንገት ሲወርድ ዋጋው ነው ወይስ ስሌቱ የተለወጠው ብሎ መጠየቅ የአንባቢ መብት ነው።

ኢንዴክሱ የሁሉንም ቤት አማካይ ስለሚይዝ የማንንም ቤት በትክክል አይመስልም። ለማስላት እንዲመች ሁለት ቤት እንውሰድ። አንደኛዋ በቀበሌ ቤት የምትኖር ጡረተኛ አክስት ናት፤ ከወጪዋ 70 በመቶው ምግብ፣ 5 በመቶው የቤት ኪራይ፣ 25 በመቶው መድኃኒት፣ ትራንስፖርትና ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ከግለሰብ የተከራየ ወጣት ነው፤ 40 በመቶው ምግብ፣ 35 በመቶው ኪራይ፣ 25 በመቶው ሌላ። በዓመቱ ምግብ 12 በመቶ፣ የግለሰብ ቤት ኪራይ 30 በመቶ፣ ሌላው ሁሉ 16 በመቶ ቢጨምርና የቀበሌው ኪራይ ባይነካ፣ የአክስት ግሽበት 12.4 በመቶ ይሆናል፤ የወጣቱ 19.3 በመቶ። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ኖረዋል። በተገላቢጦሹ ኪራይ ረግቶ ምግብ 30 በመቶ ቢጨምር አክስት ናት የምትጎዳው። የራሳችሁን ለማወቅ የሦስት ወር ወጪያችሁን በምግብ፣ በኪራይና በሌላ ከፋፍላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ወርኃዊው መግለጫ ምግብ ነክ የሆኑና ምግብ ነክ ያልሆኑ ብሎ ለየብቻ የሚያወጣቸውን ቁጥሮች ተመልከቱ። ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ ይዞ መቅረት ብዙ ነገር ያስቀራል።

ወቅትም ሰውን ያሳስታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ ፈላጊያቸው ይቀንሳል፤ ምስርና ዘይት ይፈለጋሉ። ለፋሲካ ዶሮው ሰማይ ይነካል። አዲስ እህል ከኅዳር እስከ ጥር ሲገባ ጤፍ ፋታ ይሰጣል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ሽንኩርት ይወደዳል። ስለዚህ ካለፈው ወር ጋር ብቻ ማነጻጸር አያስተማምንም፤ ዓመታዊው ቁጥር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር የሚያነጻጽረው ለዚህ ነው። ይሁንና ፋሲካ ከዓመት ዓመት ቦታውን ይቀያይራል። አምና በዓሉ የዋለበት ወር ዘንድሮ በጾም ካለፈ ማነጻጸሩ ይዛባል። የ12 ወራት ተንከባላይ አማካይ የሚባለው ይህን የሚያለሰልስ ነው፤ በዓሉም ጾሙም ውስጡ ስላለ አካሄዱን በደንብ ያሳያል። ድክመቱ መዘግየቱ ነው፤ ዋጋ ትናንት ቢፈነዳ ተንከባላዩ ቶሎ አይነግረንም።

ለባንክ ቆጣቢም አንድ ነገር ልበል። በአገራችን የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ ለረጅም ጊዜ 7 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር ያገኛል። ግሽበቱ 14 በመቶ ከሆነ ግን አምና በ10,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 11,400 ብር ይጠይቀዋል። ደብተሩ ላይ ብሩ ጨምሯል፤ የመግዛት አቅሙ ወደ 6 በመቶ ቀንሷል። ለልጅ ሠርግ ወይም ለቤት መሥሪያ ብለው ዓመታት ያጠራቀሙ ሰዎች ይህን ሳያሰሉ ሲቀሩ በጣም አዝናለሁ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ሰዉ ምን ያህል ይገዛል?

አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ ፍጆታ ከጠቅላላው ኢኮኖሚ ሁለት ሦስተኛውን ይሸፍናል። ስለዚህ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው በየወሩ የችርቻሮ ሽያጭን ያወጣል፤ ገበያ ሁሉ ያንን ቁጥር ይጠብቃል። ነገር ግን ቁጥሩ በዶላር ነው፤ የዋጋ ጭማሪው ከውስጡ አልወጣም። በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ግምት የችርቻሮ ሽያጭ በወሩ 1 በመቶ ጨመረ አለ። በዚያው ወር ዋጋ 1.3 በመቶ ጨምሮ ነበር። ሰዉ ብዙ ዶላር አወጣ፤ ይዞ የገባው ዕቃ ግን አልጨመረም። «ወጪ አደገ» የሚል ዜና ከዋጋው ጋር ካልተነበበ ሰው የተሻለ እየኖረ ያስመስላል።

እኛ ጋ ይህ ነገር የሚታየው ገበያ ውስጥ ነው፤ በተለይ ሚዛኑ ላይ። ሾላ ገበያ አዘውትሬ የምጠይቃቸው አንዲት ባለሽንኩርት ነበሩ። ስጀምር ብዙ ጊዜ ሚዛናቸው ላይ የማየው የሁለትና የአንድ ኪሎው ብረት ነበር፤ ትንንሾቹ ከጆንያው ሥር ይቀመጡ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት የግማሹና የሩቡ ብረት ከእጃቸው አይጠፋም ነበር። አንድ ቀን ደብተሬን ስከፍት አዩኝና «ልጄ፣ ዋጋውን ጻፊ፤ አንዱን ኪሎ እንዲህ ብለሽ። ግን ያቺን አየሻት? ስድስት ነፍስ ይዛ ሩብ ኪሎ ነው የወሰደችው። እሱንስ የት ትጽፊዋለሽ?» አሉኝ። ቅጹን አገላበጥኩት። የዕቃ ስም፣ መለኪያ፣ መጠን፣ ዋጋ። የመጠኑ ቦታ የሚሞላው እኔ በመዘንኩት እንጂ እሷ በገዛችው አይደለም።

በዚያ ሩብ ኪሎ ውስጥ ኢንዴክሱ የማያየው ብዙ ነገር አለ። አንደኛ፣ በትንሽ የሚገዛ ሰው ለአንድ ኪሎ ሲሰላ ይበልጥ ይከፍላል። ባለ 5 ሊትር ዘይት አንድ ጊዜ መግዛት የሚችል ቤት ለሊትሩ የሚከፍለው፣ ከሱቅ በትንሽ በትንሹ ከሚቀዳው ቤት ያነሰ ነው። ዋጋ በሊትር ወይም በኪሎ ብቻ ሲመዘገብ ይህ ልዩነት ይሰወራል። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ሲቸግረው ዕቃ ይቀይራል። ጤፉ ላይ ሩዝ ወይም ማሽላ ይደባለቃል፤ በሥጋው ፋንታ ሽሮ ይመጣል፤ ሽሮውም ይቀጥናል። የዕቃው ክብደት በጥናት ተወስኖ ለዓመታት ስለሚቆይ ኢንዴክሱ ያቺ ሴት አሁንም የድሮዋን ጤፍና የድሮዋን ሥጋ እየገዛች እንዳለች አድርጎ ያሰላል። ከዚህ የተነሣ ኢንዴክሱ የወጪዋን ጭማሪ አብዝቶ ሊያሳይ ይችላል። እሷም ከአምና እምብዛም ያልበለጠ ብር አውጥታ ወሩን ልትገፋው ትችላለች። የቀነሰው ምግቡ ነው። ልጆቹ የሚያድጉበት ሥጋና ወተት ከማዕድ ሲወጣ በየትኛውም ወርኃዊ ቁጥር ላይ አይታይም፤ የሚታየው ጥናቱ እንደገና ሲካሄድ ነው፤ ያም ከዓመታት በኋላ።

ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ቤቶችም በዚሁ ዓይን ቢታዩ መልካም ነው። በሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ ከ120 አለፈ። ከሲያትል ወይም ከዱባይ በባንክ 200 ዶላር የሚላክላቸው እናት 11,400 ብር ይቀበሉ የነበሩት ከ24,000 በላይ መቀበል ጀመሩ። ላኪው ልጅ እናቱ ኑሯቸው በእጥፍ የተሻሻለ ሊመስለው ይችላል። ቀድሞም በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ሲልክ ከነበረ ግን ጭማሪው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ከውጭ የሚገባው ዘይትና መድኃኒትም ዋጋው እዚያው ቆሞ አልጠበቀም። «ስንት ብር ደረሰሽ?» ከማለት «ስንት ኪሎ ጤፍ ገዛሽበት?» ማለት ይሻላል።

ይህን ስል የዋጋ ቁጥሩ ይቅር ማለቴ አይደለም። ያለ እሱ ደሞዝ በምን ይስተካከላል? ብሔራዊ ባንክስ የወለድ መጠኑን በምን ይወስናል? ዝናብ እየደበደባቸው ድንች የሚመዝኑትን ባልደረቦቼን ሥራ አከብራለሁ። እኔ የምለው ከዋጋው ጎን መጠኑም ይጻፍ ነው። ትልቁ የቤተሰብ ጥናት በጀትና ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ በየዓመቱ ላይሠራ ይችላል። መረጃ ሰብሳቢው ግን በየወሩ እነዚያው ሻጮች ዘንድ ይሄዳል፤ ያውቁታል፤ ይነግሩታል። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ብትጨመርለት፣ «በዚህ ሳምንት ደንበኛው አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው ስንት ነው፤ ኪሎ፣ ግማሽ ወይስ ሩብ?» ብትል፣ ለእያንዳንዱ ሻጭ ግማሽ ደቂቃ ትወስዳለች። ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለሽንኩርት፣ ለሽሮና ለወተት ብቻ ብትጠየቅ እንኳ ከመቶ በላይ ከሚሆኑት ገበያዎች በየወሩ የሚመጣው መልስ የትኛው ከተማ ከኪሎ ወደ ሩብ እየወረደ እንደሆነ፣ ትልቁ ጥናት ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ያሳየናል።